ሁለት መቶ ቃል ከአባየ ጋር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጧት 1፡00

ፊቴን ሳልታጠብ አሥራ ሰባት ቃል በቃሌ ያዝኩ። ሜቲኩለስ፦ ለጥቃቅኑ ሁሉ የሚጠነቀቅ። ኦብስቲኔት፦ ግትር። ሎኳሺየስ፦ ለፍላፊ። (ይቺ የኔ ናት፣ ወድጃታለሁ።) ከብስኩት ካርቶን ቆራርጬ ካርድ ሠርቻለሁ፤ ባንድ በኩል እንግ.፣ በሌላው አማርኛ። ሁለት መቶ ናቸው።

ትናንት ምንም ያልጻፍኩብሽ፣ ደብተሬ፣ ካርድ ስቆርጥ አምሽቼ ነው። ር/መምህሩ ማስታወቂያ ለጠፉ። የስምንተኛ ክፍል የእንግ. አስተማሪ ተዛውሯል፤ ዲፕሎማ ያለው ሁሉ ይወዳደር ተባለ። የጽሑፍና የቃል ፈተና፣ ጥቅምት 21። የኔ ዲፕሎማ በእንግ. ነው እኮ! ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ት/ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ካርድ ስሞላ፣ ማኅተም ስመታ ኖርኩ። አስተማሪ መሆኔን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ይኼ ካመለጠኝ ሌላ ቦታ መቼ እንደሚከፈት እንጃ። እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሥራ መልስ

ሰባ ሁለት!

አባየን ጠያቂ አድርጌያቸዋለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ አስተምረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል እኔ ዘንድ መጡ። የእንግ. ፊደል አንዱንም አይለዩም። ስለዚህ በእኛው ፊደል ጻፍኩላቸው። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ያነባሉ፤ እኔ ፍቺውን እመልሳለሁ። ስሳሳት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቁጭ ብሎ መመለስ የለም። የጉባኤ ቤት ሥርዓት ነው፣ ቁሚ ይሉኛል። እቆማለሁ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት! ጎረቤታችን ወ/ሮ ጥሩ በአጥር አይተውኝ ምን አጥፍታ ነው ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ሳቄ ሳያልቅ ቴኔሺየስ ጠፋችብኝ፤ የያዘውን የማይለቅ ማለት ነው። ለቀቀችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። 11፡30

ጉድ ስሚ። የወ/ሮ ጥሩ አህያ ከወፍጮ ስትመለስ እኛ ደጅ ያለው ቦይ ላይ ቆማ አልሻገርም አለች። ጎተቱ፣ ገፉ፣ ለመኑ። ወይ ፍንክች። አባየ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ረጋ ብለው ኦብስቲኔት ናት አሉ። ወ/ሮ ጥሩ በግእዝ የረገሙባቸው መስሏቸው አማተቡ። አባቴ፣ አህያዬን ይፍቱልኝ! እያሉ እጃቸውን ሊስሙ መጡ። በሳቅ ፈርሼ መሬት ተቀመጥኩ።

በኋላ ግን አላሳቀኝም። ለጨዋታ ብዬ ካርዶቹን ቀማሁና እኔ ጠያቂ ሆንኩ። አባየ መቶ ሠላሳውን መለሱ። እኔ መቶም አልሞላሁ። ዲፕሎማ ያለኝ እኔ! ቀናሁ። ባባቴ ቀናሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከቅዳሴ መልስ

ተጣላን። ጥፋቱ የኔ ነው።

ጧት አንድ የቆየ ፈተና አግኝቼ ሞከርኩት። በዐሥር ቃላት ዐሥር ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይላል። የሁሉንም ፍቺ አውቃለሁ። እስክሪብቶዬን ይዤ አፍጥጬ ቀረሁ፤ አንድም አልወጣኝ። አባየ ምነው ቢሉኝ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። እርስዎ ምን አለብዎት፣ ቋንቋውን ሳያውቁት ይሸመድዱታል አልኳቸው። አንደበቴ ይቆረጥ።

አባየ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለቀሙና ደርድረው አስቀመጡ። ከዚያ፦ «እኔ መች ቃሉን ያዝሁ ልጄ? እኔ የያዝሁት ሰዉን ነው።»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሜቲኩለስ መንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳይለካ አይቆርጥም። ሪሉክታንት፣ ልቡ ያልፈቀደው፣ አግባ ሲባል ጫማውን የሚያየው ወንድሜ ነው። ፍሩጋል፣ ቆጣቢ፣ ወ/ሮ ጥሩ ናቸው፤ ክብሪት እንዳያልቅባቸው እሳት ከኛ ይጭራሉ። ለእያንዳንዱ ቃል ባለቤት ፈልገውለታል! እኔ ካርዱን ከካርዱ ጋር ሳጋጭ ከርሜያለሁ።

በቅኔ ቤትም ግሥ፣ የግእዙን ቃል፣ ብቻ ይዞ የሚወጣ የለም አሉኝ። ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ አዘጋጅቶ፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ከነገ ጀምሮ ቃሉን ሳይሆን ነገሩን አምጪልኝ ተባልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤት

እየበረርኩ ነው! ከተማው በሙሉ ቃል ሆኗል። ር/መምህሩ አምቢጉየስ ናቸው፣ እሺታቸውና እምቢታቸው አይለይም። እኔ ኢምፔቹየስ ነኝ፣ ችኩል። ዛሬ አንድ ገበሬ ከሐሙሲት መጡ፤ የልጃቸው መሸኛ ጠፍቶ ሦስተኛ ምልልሳቸው ነው። አልተቆጡም፣ አልተመለሱምም። መዝገቡን እስካገላብጥ በሩን ተደግፈው ጠበቁኝ፣ አገኘሁላቸው። ቴኔሺየስ! አሁን አትለቀኝም።

ማታ ማታ ለአባየ ቆሜ በእንግ. እተርካለሁ። አንዱም አይገባቸውም። ግን ያዳምጣሉ፤ ስጨርስ «እዚህ ላይ ተሰናክለሻል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሁልጊዜ። ከጉና ተራራ የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ድገሚው ይሉኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። 9፡00

ወጣሁ። አምስት ነበርን። ጽሑፉ ደህና።

የቃል ፈተናው ጊዜ ጉድ ሆንኩ። ሦስት ፈታኞች፣ አንድ ወንበር። ተቀመጪ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ፤ ድምፄ ጠፋ። አንድ ቃል የለም! ለካ ለምዶብኝ ቆሜ ካልሆነ አልናገርም። ይቅርታ ብዬ ተነሣሁ። ግራ ገባቸው። ስለ አንድ የማትረሺው ሰው ተናገሪ ሲሉኝ የሐሙሲቱን ገበሬ አመጣኋቸው፤ በሩን ተደግፈው እንደቆሙ። አንዷ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ ጨርሶ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ጠየቁኝ። አላውቀውም፣ ያስተምሩኝ አልኩ። ተያዩ።

ያስተምሩኝ ይባላል በፈተና?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። 11፡00

አንደኛ!!! እኔ! ር/መምህሩ ዛሬ ብቻ አምቢጉየስ አልሆኑም፤ ስሜን ጠርተው እጄን ጨበጡኝ። በባጃጅ መሄድ አስጠልቶኝ በእግሬ ሮጥኩ። ወ/ሮ ጥሩ እልል አሉ። አባየ ግን ተማሪ የሚያመሰግን አንደበት የላቸውም፦ «ገና ነሽ።» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔም አለቀስኩ።

ነገ 8ኛ ለ እገባለሁ። ስድሳ ሦስት ልጆች። ር/መምህሩ የቃላት ዝርዝሩን ሰጥተውኛል፤ ሰሌዳ ላይ ከነፍቺው ጽፈሽ አስገልብጫቸው፣ ለፈተና የሚያዋጣው ይኸው ነው አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። አላደርገውም።