ከብሩ ዋሻ የወጣው አባቴ

ሰኞ

አገኙት። አባቴን።

ኩባንያው ከጀልዴሳ ወዲያ የሰፈረው የድሮውን የብር ማውጫ እንደገና ሊያጠና ነው። እኔ ከነዋሪው ጋር አስተርጓሚያቸው ነኝ። ዛሬ፣ ድሮ የተደረመሰውን ዋሻ ሲጠርጉ አጥንት ብቅ አለ። ያኔ ሲደረመስ ውስጥ የቀረው ቆፋሪ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ገና በእማ ሆድ ነበርኩ። ላለቅስ ብል እንባው እንቢ አለኝ።

ማክሰኞ

ኢንጂነሩ ለብቻዬ ወስዶ አሳየኝ። ድንጋዩ አልወደቀበትም፤ መውጫውን ዘግቶበት ከውስጥ ነው የቀረው። ከውስጥ ወደ ውጭ የቆፈረው መንገድ አለ፣ ረጅም። "አባትሽ ወዲያው አልሞቱም፤ ብዙ ቀን ሳይቆፍሩ አልቀሩም" አለኝ። ምናለ ዝም ቢል።

ያኔ እሱን ለማውጣት ከውጭ ይቆፍሩ የነበሩት ላይ ድንጋይ ሲናድባቸው፣ "በቃ፣ እሱ ሞቷል፤ የሰው ልጅ አታስጨርሱብኝ" ብላ ያስቆመቻቸው እማ ናት። ሰው እስከ ዛሬ ይመርቃታል። እንግዲህ ይሄን እንዴት ልንገራት? አልነግራትም።

ረቡዕ

ድሬ ገባሁ። እማ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። "ተገኘ" አልኳት። የያዘችውን ልጣ ጨረሰች።

"ተሰቃየ?"

"ወላሂ፣ ወዲያው ነው" አልኩ። በአላህ ስም ዋሸሁ። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ዋሽቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ወንዶቹ ቀብረውት ተመለሱ። የካምፑ ሹፌር፣ ደግ የሠራ መስሎት፣ ከአጥንቱ ጋር የተገኘውን የድንጋይ መሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ለእማ ሰጣት። እኔ ምን አውቄ? ለካ መሮውን ቀጥቃጭ ጋ ወስዳ የምታሠራለት እሷ ነበረች። ዋሻው በተደረመሰበት ቀን ጠዋትም አዲሱን በእጇ ነው የሰጠችው።

ገለጠችው። አልቆ ጉማጅ ሆኗል፣ ከመዳፏ አይተርፍም።

"አዲስ ነበር እኮ" አለች። "ይሄን ያህል እስኪያልቅ…"

ሹፌሩን ልሰድበው ተነሳሁና ተውኩት፤ እሱ ምን ያድርግ።

ቅዳሜ

ትናንት ቀኑን ሙሉ አልበላችም፣ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው "ጎሽ፣ ሰብር አድርጋለች፣ ችላዋለች" ይላል። ልቤ ተቃጠለ።

ጠዋት ከካምፑ ተደወለ። አባቴ የቆፈረው ግድግዳ ብር ሳይኖረው አይቀርም አሉኝ፤ ሥራው በዚያው ሊቀጥል ነው። ትመጫለሽ ወይ? አላውቅም አልኩና ዘጋሁ።

ሾርባ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ራህማ፣ ድምፁን ብሰማ ኖሮ አላስቆማቸውም ነበር።"

"አውቃለሁ እማ። አታስቆሚያቸውም ነበር።"

"እሱስ ያውቃል?"

ያውቃል አልኳት። አሁን ዋሽቼ ይሁን እውነቴን፣ እኔም አላውቀው። ሁለት ማንኪያ ተቀበለችኝ፤ ሦስተኛውን በእጇ መለሰችው።