ከሸራው ጀርባ

ይድረስ ለመስኮት ሰባሪው አብሮ አደጌ፦

ዛሬ ዝናብ አባሮኝ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ተጠልዬ ሳለ፣ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ዘበኛ "ግባ እንጂ ልጄ!" ብለው አስገቡኝ። ወንበሩ ሁሉ አቧራ ጠጥቷል። እግሬ ግን ወንበር አላማረውም፤ በቀጥታ ከሸራው ጀርባ ወሰደኝ።

ትዝ ይልሃል፣ በሰፈራችን ሲኒማ ቤት በጓሮ ቀዳዳ ሾልከን ፊልሙን ከጀርባ፣ ቀኝና ግራው ተገልብጦ ስናይ? አክተሩ ሁሌ በግራው ሲማታ እያየን፣ ጀግና የሚሆነው ግራኝ ብቻ ይመስለን ነበር። አንተማ በግራዬ ድንጋይ መወርወር ልልመድ ብለህ የሰፈሩን መስታወት ፈጀኸው!

እዚህም ከሸራው ጀርባ ልጆች የሚቀመጡባቸው ጡቦች ተደርድረዋል። ቤቱን መልሰው ሊከፍቱት እያደሱት ነው። ግንበኛው የጓሮውን ቀዳዳ ሊደፍን ሲል ዘበኛዋ ሴትዮ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "እሱን ተወው! ልጆቹ በየት ሊገቡ ነው?"

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። እማማን ሳምልኝ። ትምህርት ቤት "በቀኝሽ ጻፊ" እየተባለች ስታለቅስ የምትውለውን ትንሿን ልጅህን ደግሞ ግራ እጇን ሳምልኝ። አክተሩ ግራኝ ነው፣ አጎትሽ በዓይኑ አይቷል በላት።