ከተራ ውጭ ስለተሳቀ ሳቅ፦ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ አባት

ለተከበሩ አባታችን፣
የልጃገረዶች መንፈሳዊ አዳሪ ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎን ደረጃው አያድክመው፣ ድምፅዎን ብርድ አይንካው፣ እንቅልፍዎንም የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አያውክብዎ። እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን፤ ሐሳቡንም ቢሆን የላኩልን እርስዎ ስለሆኑ በክብር ተቀብለን አስቀምጠነዋል።

እኔ በላይኛው መኝታ ቤት የምታድረው፣ ከሩቅ የመጣችው፣ ጸሎቷም አነጋገሯም ከሌሎቹ ለየት የሚለው የዚያች ዝምተኛ ልጅ አክስት ነኝ። እንደሚያስታውሱት ልጅቷ በመጣች ሰሞን ምግብ ቤት ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ኋላ ግን ማንም ሳያዛት፣ ተማሪዎቹ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ ከንጋት ደወል እስከ መብራት ማጥፊያ ወሬዋ የማይቋረጥ ልጅ ሳህኗን ይዛ መጣችና «ጠጋ በይ እስቲ፣ እዚያ ማዶ የሚሰማኝ አጣሁ» ብላ ተቀመጠች። አንዷ መናገር ትወዳለች፣ ሌላዋ መስማት፤ በዚሁ እጅና ጓንት ሆኑ። እኛም ተመስገን፣ ልጃችን ሰው አገኘች ብለን ተኛን። ለካ የብዝኃነት፣ የፍትሐዊነትና የአብሮነት ኮሚቴዎ ገና አልተቋቋመም ነበር።

ኮሚቴው ስለዋለልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ከምስጋናዎቹ አንዳንዱ ቅሬታ ቢመስልዎ የእጅ ጽሑፌ ጥፋት ነው።

፩ኛ. ኮሚቴው በጥልቀት ባደረገው ጥናት ሁለቱ ልጆች ከሌላው ሁሉ አብልጠው እርስ በርስ እንደሚዋደዱ ስለደረሰበት፣ ይህም ወዳጅነትን በጥቂት እጆች ማከማቸት ሆኖ ስላገኘው፣ ፍቅር ለሁሉም እኩል ይዳረስ ዘንድ «የወዳጅነት ተራ» የሚባል ሥርዓት አውጥቶ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለለጠፈልን አመሰግናለሁ። በዚህ መሠረት ለእያንዳንዷ ተማሪ በየሳምንቱ አዲስ የልብ ጓደኛ ይደርሳታል። የመጀመሪያዋ ባለተራ የወንድሜን ልጅ መተላለፊያው ላይ አስቁማ «የዚህ ሳምንት ጓደኛሽ እኔ ነኝ፤ የሚያሳዝንሽ ነገር ካለ ቶሎ ንገሪኝ፣ መረብ ኳስ አለብኝ» ማለቷን ስሰማ፣ እኔ በዕድሜዬ ያፈራኋቸው ወዳጆች ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑብኝ ገባኝ።

፪ኛ. የልብ ጓደኛ ያለ ምስጢር አይሆንምና፣ ልጅቷም ካንድ በላይ ምስጢር የላትምና፣ ያንኑ አንዱን ለየሳምንቱ ባለተራ ስትነግር ሰነበተች። ምስጢሩ ምን እንደነበር ለእርስዎ መግለጽ አይገባኝም፤ አንድን ትራስና የእርስዎን ማዕረግ የሚመለከት ነው ብዬ ብቻ ልለፈው። ይኸው ምስጢር ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተሻገረ፣ ጸሎት ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሕክምና ክፍሉን ዞሮ፣ በመጨረሻ አንዲት ባለተራ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ አንዲት ልጅ አለች አሉ...» በማለት ለራሷ ለምስጢሩ ባለቤት ነገረቻት። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ሥርጭት በግቢዎ ታይቶ አይታወቅም፤ የላይኛው ፎቅ የመታጠቢያ ውኃ እንኳ እስካሁን እንዲህ ደርሶ አያውቅም።

፫ኛ. ጠብንም ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ ልጆች ሲጣሉ መኮራረፍ ነበረ፣ ሽማግሌ መላክ ነበረ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ ነበረ፤ አሁን ወዳጅነቱም ጠቡም እሑድ ማታ አብረው ያበቃሉ። የወንድሜን ልጅ ማበጠሪያ የሰበረች አንዲት ተማሪ ሰኞ ጠዋት ይቅርታ ልትጠይቅ ብትመጣ፣ የተራ ተቆጣጣሪዋ «ያንቺ ሳምንት አልፏል፤ ይቅርታሽን ለአሁኗ ጓደኛሽ ስጪ» ብላ መለሰቻት፤ ምንም ያልተበደለችው ያቺኛዋም ሳታንገራግር ተቀብላ ይቅር አለቻት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲሉ የኖሩ አባቶቻችን፣ ውሻው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሊጮህ እንደሚችል ከቶ አላሰቡትም ነበር።

፬ኛ. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ባለፈው ሰሞን ሁለቱ ልጆች ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው አንድ አንሶላ ወዲያና ወዲህ ይዘው ሲጨምቁ፣ አንሶላው ከእጇ አምልጧት ሬዲዮ ወሬዋን ሳታቋርጥ ከነጫማዋ ገንዳው ውስጥ ገባች፤ ሁለቱም ሳቁ። በምክትልዎ የተፈረመው ማስጠንቀቂያ የጥፋቱን ስም «ከተራ ውጭ መሳቅ» ይለዋል። የወንድሜ ልጅ በቅጣት «ባልንጀራዬን እወዳለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወረቀቱ እስኪሞላ እንድትጽፍ ታዘዘች፤ ጽፋ ስትጨርስ ግርጌው ላይ በትሕትና «የየትኛውን ሳምንት?» ብላ በመጠየቋ ሁለተኛ ወረቀት ተሰጣት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እኛም በሳቅ ባሳለፍነው ነበር፤ የእኛ ቤት ተራ አያውቅምና። ነገር ግን ኮሚቴው በመጪው ዓርብ ተሰብስቦ ሬዲዮን ከአትክልቱ ማዶ ወዳለው መኝታ ቤት ሊያዛውራት፣ ሁለቱም ዳግመኛ በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ ሊወስን መሆኑን ሰምተናል። ልጅቷ ስልክ ስትደውልልኝ አላለቀሰችም። «አክስቴ፣ እኔ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን እሷ ከሄደች ማን ጋ ሆኜ ነው ዝም የምለው?» ብቻ አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ገልጬ አጣሁ፤ እናንተ ግን ንዑስ ኮሚቴ ስላላችሁ አይቸግራችሁም።

፭ኛ. ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሥርዓቱን ያወጡት የኮሚቴው አባላት ራሳቸው የሥርዓቱ ተጠቃሚ አለመሆናቸው ነው። ሁሉም ከአንድ ሰፈር የመጡ፣ በአንድ ክፍል የተማሩ፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ የሚቀዱ የምክትልዎ የልጅነት ጓደኞች እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ተከማችተው ሲኖሩ ማንም አልደረሰላቸውም። ከሰኞ ጀምሮ ምክትልዎ ሻያቸውን ከአትክልተኛው ጋር፣ ሒሳብ ሹሙም ከወጥ ቤቷ ጋር ቢጠጡ ምን ይመስልዎታል? ወጥ ቤቷ እንኳ «እኔስ ምን በደልኩ?» ሳትል አትቀርም።

ክቡር አባታችን፣ ልመናዬ አጭር ነው፤ ሬዲዮን ባለችበት ይተዉልን። እንግዳ ወደ ቤት የሚገባው በአንድ በር ነው፤ ልጃችንም ወደ እናንተ ቤት የገባችው በዚያች ለፍላፊ በኩል ነው። ኮሚቴው በሩን ነቅሎ፣ ሳንቃ በሳንቃ ፈልጦ ለሁሉም እኩል ቢያከፋፍል፣ ለሁሉም እንጨት ይደርሳል፤ የሚገባ ግን አይኖርም።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕረፍትን የምመኝ፣ ማንም ሳይመድበኝ በገዛ ፈቃዴ ወዳጅዎ የሆንኩ፣

የዝምተኛዋ ልጅ አክስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በማሸግ ላይ ሳለሁ ልጅቷ በድጋሚ ደወለች። የሬዲዮ ሻንጣ ከስብሰባው ቀድሞ እንዲወርድ ስለታዘዘ፣ ግቢው ውስጥ ያሉ ልጃገረዶች ከየሃይማኖቱ፣ ከየቋንቋውና ከየመኝታ ቤቱ ተጠራርተው መጥተው፣ ሻንጣው እንዳያልፍ የፎቁን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ሁሉም እየሳቁ። ኮሚቴው ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ሽፋን ዓመት ሙሉ ሲመኘው የነበረው ፎቶግራፍ ይኸው ነበር። ምክትልዎም በሰዓቱ ደርሰው ነበር አሉ፤ ምን ያደርጋል፣ የያዙት ካሜራ ሳይሆን ፊሽካ ነበር።