ወይዘሮ ፎርም እና «ደህና ነኝ»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለናፍቆቴ ለእትዬ፣

መጀመሪያ አትደንግጪ። (እንዲህ ስልሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ።) በስልክ «ቤት ቀየርን» ያልንሽ ግማሹ ውሸት ነው። ያለነው ባል የሚመታቸው ሴቶች በሚጠለሉበት ቤት ነው። የእማዬን ክንድ የሰበረው እንደነገርንሽ ደረጃው ሳይሆን አባዬ ነው።

እዚህ ጉዳያችንን የያዘች ሴትዮ አለች፤ «ወይዘሮ ፎርም» ብያታለሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ልቧ ግን ጥሩ ነው። በየሁለት ቀኑ እማዬን ትጠይቃታለች፦

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«የሚያስፈልግዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! ምን ጎድሎብን!»

ፎርሟ ላይ ጫር! «ደህና»። ጫር! «ምንም»። እናትሽ ክንዷን በጀሶ ተጠቅልላ ደህና ናት!

ትናንት የእማዬን ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ አየሁት (አየሁት እንጂ አልነካሁትም)፦ «ድጋፍ አያስፈልጋቸውም። ዓርብ ይሰናበታሉ።» ወዴት? ወደ አባዬ? እማዬን ባፋጥጣት፣ «ሰው ሲጠይቅ ደህና ነኝ ይባላል እንጂ ምን ሊባል ኖሯል? አንቺ ስድ!» አለችኝ። ዞረብኝ። ሰላምታ ነው ወይስ መልስ?

ወይዘሮ ፎርም ቢሮ ገባሁና «እንዴት ነዎት አይበሏት፤ ክፍላችን ስትገባ ምን እንደምታደርግ ይጠይቋት» አልኳት።

ወይዘሮ ፎርም መነጽሯን አወረደች። እማዬን አስጠርታ እንዳልኳት ጠየቀቻት።

«ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፋለሁ» አለች እማዬ።

«ለምን?»

እማዬ ጀመረች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አላቆመችም። እኔን ከመሃል አስወጡኝ። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ወይዘሮ ፎርም «ደህና»ን ሰርዛ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር ሞልታዋለች። ዛሬ ጠዋት አናጺ መጥቶ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ገጠመልን። የዓርቡም ቀረ።

ግን እትዬ፣ እማዬ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «አባትሽ በልቶ ይሆን?» አለች። ልቆጣ ልሳቅ ጠፋኝ። የባሰው ደግሞ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። አንቺ ታላቅ ነሽ፤ ይሄ ምን ይባላል?

የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ታናሽሽ፣ ያቺ ምላሰኛ

የረሳሁት፦ መቀርቀሪያው ጠንካራ ነው። እማዬም ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳው ነበር። በሩ ላይ መልሼ ያስደገፍኩት እኔ ነኝ።