ጨው በሰው ምላስ

ማርች 4፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 1፡20፣ ባቡር ላይ።

መቀመጫ አገኘሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን፣ ከዚያ የሎ ላይን፣ ከዚያ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያ ሽንኩርት። ለቅዳሜ ክላስ አሥር ገጽ ይቀረኛል።

ደብተሬ፣ አትሳቅ። ይሄን ክላስ የወሰድኩት ስፔን ናፍቃኝ አይደለም። ለኒውትሪሽን ዲግሪዬ አንድ የሂውማኒቲስ ኮርስ ጎደለኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት የነበረው ይሄ ብቻ ነው። የመካከለኛው ዘመን ማብቂያ፣ የስፔን ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ስሜት ሕዋሳትና ስለ ምኞት። በአርባ አንድ ዓመቴ።

የዛሬው ንባብ፦ አንድ ስሙ ያልታወቀ ቄስ ለሌሎች ቄሶች የጻፈው የኑዛዜ መጠየቂያ። በአምስቱ ሕዋሳት ተራ ነው የሚጠይቀው። ዓይንህ ምን ላይ ቆየ፣ ጆሮህ ምን ሲሰማ ደስ አለው፣ እያለ ይወርዳል። አፍንጫም አልቀረም። ሰው ቀርበሽ ሽቶውን ሆን ብለሽ ስበሻል ወይ ዓይነት። ገረመኝ። የእኔ የንስሐ አባት ስለ አፍንጫ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እኔ ደግሞ ሁዳዴን የማልፈው በአፍንጫዬ ነው። የምሠራበት የእትዬ ዘነበች የድግስ ኪችን ጾም የለውም። ለቢሮ ምሳ፣ ለፈረንጅ ሠርግ፣ ዶሮውም ጥብሱም በየቀኑ ይወጣል። እሠራለሁ፣ አልቀምስም። ቅመሙን በማሽተት አውቀዋለሁ። ጨው ግን ሽታ የለውም። ጨው ምላስ ይፈልጋል።

ማርች 5፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት፣ ኪችን።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እትዬ ዘነበች ይጾማሉ። በሌሎቹ ጾሞች ሁሉን የምትቀምስልኝ ሰሚራ አሁን ውሃ እንኳ አፏ አይገባም። ከአራታችን የቀረው ተካልኝ ብቻ። ሥጋ የሚከትፈው፣ ቫኑን የሚነዳው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ኦርቶዶክስ ነው፣ ግን አይጾምም። ለምን ስለው፣ ለእኔ ጾሙም ፍስኩም አንድ ነው አለኝ። ሃይማኖቱ ላላ ብዬ አለፍኩት።

ስለዚህ ማንኪያውን ይዤ ወደሱ። ይቀምሳል። መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ቀጥሎ በቃው ይላል፣ ወይም ትንሽ ጨምሪ። እስካሁን አንድም ድስት ተመልሶ አልመጣም። እኔም ፊቱን ማንበብ ለምጃለሁ። ሲቀምስ ዓይኑ ጠበብ ይላል፣ ግራ ጉንጩ ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች። ጣዕሙን ከዚያ መስመር ላይ የማገኘው ይመስለኛል። ሞኝነት። ግን ደስ ይላል።

ማርች 7፣ ቅዳሜ። ከክላስ መልስ።

ፕሮፌሰሯ (ፕ.) ዛሬ ስለ ዓይን አወራች። በዚያ ዘመን ዓይንና ልብ የሚካሰሱባቸው ግጥሞች ነበሩ አለች። ልብ፣ አንተ ባታይ እኔ ባልተቃጠልኩ ይላል። ዓይን፣ እኔ በር ነኝ፣ የገባውን ያስቀመጥከው አንተ ነህ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ማን ረታ ብሎ ጠየቀ። ፕ. ሳቀች፣ ማንም አልረታም አለች።

እጄን አውጥቼ ምላስስ አልኩ። ምላስ ለምን አልተከሰሰም? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የመጨረሻ ወረቀትሽ ይሁን አለችኝ። አፌን ይዤ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

ማርች 11፣ ረቡዕ። ጠዋት፣ ባቡር።

ለንስሐ አባቴ ኮል አደረግኩ። ቀምሶ መትፋት ይቻላል ወይ ብዬ። አይቻልም፣ ምላስም ይጾማል። እሺ፣ ማሽተትስ አባ? ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ለካ እየሳቁ ነው። ስለ አፍንጫ እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም፣ ሥራሽ ከሆነ አሽትቺ፣ ግን አትቆዪበት አሉኝ። አትቆዪበት። ልክ እንደ ስፔኑ ቄስ። ኃጢአቱ ማየቱ ወይ ማሽተቱ ሳይሆን መቆየቱ ላይ ነው የሚሉት፣ ሁለቱም። በመካከላቸው ይሄ ሁሉ ዘመንና ባሕር አለ።

ማርች 14፣ ቅዳሜ።

ዛሬ የሰማሁት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በዚያ ዘመን ማብቂያ ስፔን ውስጥ ሃይማኖቱን ተገዶ የቀየረ አይሁዳዊ ወይም ሙስሊም የድሮውን በድብቅ መያዙ በኩሽናው ሽታ ይታወቅ ነበር። በአሳማ ስብ ፋንታ በዘይት ሲጠብስ ጎረቤት አሽትቶ ይመሰክርበታል። አፍንጫ ምስክር ሆኖ ሸንጎ ፊት ይቆማል ማለት ነው።

ወደ አፓርትመንቴ ስገባ ኮሪደሩን አሸተትኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቅቤ ይቁላላል። ማን ጾሙን እንደገደፈ አውቄያለሁ፣ ደብተሬ። ለአንተም አልነግርህም።

ማርች 23፣ ሰኞ። ኪችን፣ እረፍት ላይ።

ኢድ አለፈ። ሰሚራ አሁን መቅመስ ትችላለች። ከጎኔ ምድጃ ላይ ናት፣ እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። እኔ ግን ማንኪያውን ይዤ፣ ጠረጴዛውን ዞሬ፣ ፍሪጁን አልፌ፣ ወደ ተካልኝ (ተ.)። እስክመለስ ድረስ ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም።

ሰሚራ ግን አወቀች። «እኔ እዚህ ቆሜ ኪችኑን ሙሉ ትዞሪያለሽ? ኦኬ፣ ገባኝ» አለች። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እትዬ ዘነበች ከቢሮ ሆነው ምን ያስቃችኋል አሉ። ምንም እትዬ።

ማርች 26፣ ሐሙስ። ቤት፣ ከሰዓት።

ዝናብ ስለነበር ተ. በቫኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ይሄዳል ይመጣል። ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌ መላክ እፈልጋለሁ፣ ለማን ልላክ አለኝ። እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ፣ አድራሻ እንደሚጠይቅ ሰው። ወንድሜ ጀርመንታውን ነው አልኩት። ግን መልሴን ከፋሲካ በኋላ። እሺ አለ።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። ከፍቺ በኋላ ስድስት ዓመት ብቻዬን ኖሬ፣ ትራሱ የእኔ፣ ሪሞቱ የእኔ፣ ዝምታው የእኔ። ለአንድ «በቃው» ብዬ ይሄን ሁሉ ልተው? ግን እኮ የምተማመንበት ምላስ ነው። ሲቀምስልኝ የማምነውን ያህል ሰው አምኜ አላውቅም።

ማርች 29፣ እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ።

የኑዛዜ መጠየቂያውን በራሴ ላይ ሞከርኩት። ለወረቀቱ ነው ብዬ ጀመርኩ። በዓይን፣ ያች የጉንጭ መስመር። በጆሮ፣ ቢላዋው ጣውላው ላይ፣ ጠዋት ስገባ ከደረጃው እሰማዋለሁ፣ ካልሰማሁት ቅር ይለኛል። በአፍንጫ፣ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት። በምላስ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ምላሴ ራሱ እሱ ዘንድ ነው። መዳሰስ ባዶ። አንድ ጊዜ ማንኪያ ስንቀባበል ጣቱ ነካኝ፣ ይቆጠራል? ቆየሁበት። ስለዚህ ይቆጠራል።

ኤፕሪል 7፣ ማክሰኞ። ምሳ አልፏል።



ለአንድ ቢሮ ለሃምሳ ሰው ዶሮ ወጥ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ የት እንደነበር ታውቃለህ። ማንኪያውን ለተ. ሰጠሁት። አየኝ። በቃው አለ። ክዳኑን ልገጥም ስል ሰሚራ ለምሳዋ ትንሽ ጨለፈች። አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ ወደ ሲንኩ ሮጠች። ጨው ነው፣ ጨው ብቻ ነው አለች አፏን እየታጠበች። ሁለት ጊዜ ጨምሬያለሁ! መጨመሬን ረስቼ ደግሜ።

ተ.ን አየሁት። ማንኪያው እጁ ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሌላ ቁሌት ጥደን፣ አቅጥነን፣ ከፍለን፣ ቫኑ ዘግይቶ ወጣ። እትዬ ዘነበች ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ስለነበር አላዩም። ሰሚራ አልተናገረችም። ያንን ጨው አፉ ውስጥ አድርጎ እንዴት በቃው ይላል? ሆን ብሎ ነው? እንደዛ ሊያዋርደኝ? አልገባኝም።

ኤፕሪል 8፣ ረቡዕ። ባቡር ላይ።

ሰሞነ ሕማማት ነው፣ ሰላምታ የለም፣ መሳሳም መጨባበጥ የለም። ጥሩ ሆነ። አልጨብጠውም ነበር።

ከሥራ ስወጣ ተ. ቫኑ አጠገብ ጠብቆ ነገረኝ። ከአራት ዓመት በፊት ታሞ ሲነሳ ሽታውም ጣዕሙም ጠፋ። አልተመለሰም። ሚጥሚጣ ሲያቃጥል ብቻ ይሰማዋል። ያኔ ሌላ ኪችን ውስጥ ዋና አብሳይ ነበር፣ ለማንም ሳይናገር ለቀቀና እዚህ በቢላዋ ተቀጠረ። የሁዳዴ ሰሞን ማንኪያ ይዤ ስመጣበት ምን ይበለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ፣ አፈርኩ አለ።

ታዲያ አርባ ቀን በምን ታውቅ ነበር አልኩት።

«አንቺን አይቼ ነዋ» አለ። «ስትጠራጠሪ የታችኛውን ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። ያኔ ጨምሪ እላለሁ። እርግጠኛ ስትሆኚ ትከሻሽ ይወርዳል። ትላንት ትከሻሽ ወርዶ ነበር፣ ሮማን።»

ረስቼው ስለነበር ነዋ የወረደው።

እኔ የእሱን ፊት ሳነብ፣ እሱ የእኔን። በመካከላችን ማንም ሳይቀምስ። የሃምሳ ሰው ምሳ በዚህ ይወጣ ነበር። ብስቅ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ተናደድኩ። ዋሽቶኛል። እትዬ ዘነበችን ዋሽቷል። ጥፋቱ ቢወጣ የምባረረው ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ አልኩትና ሄድኩ። ጾሙም ፍስኩም አንድ ነው ያለኝ አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ ሃይማኖት መስሎኝ ስፈርድበት ነበር።

ኤፕሪል 10፣ ዓርብ። ከስግደት መልስ።

ጉልበቴ የለም። ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም።

ንዴቱ አልወጣም፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ባል ስጠራጠር ከንፈሬን እንደምነክስ አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩ። ደብተሬ፣ እውነቱን ነው። ታችኛውን፣ በስተግራ።

የስፔኑ ቄስ አንድ ነገር ስቷል። እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው ጠርቶ ነው የሚጠይቀው፣ ዓይን ለብቻ፣ ምላስ ለብቻ። እኛ ኪችን ውስጥ ግን ዓይን ምላስ ሆኖ ነው የከረመው። ወረቀቴን እንደዚያ እጽፋለሁ።

ግን ወረቀት ሌላ፣ ቤት ሌላ። ቴክስት አደረግኩለት። ከፋሲካ በፊት ራስህ ለእትዬ ዘነበች ንገር፣ እኔ አልነግርልህም። ካልነገርክ ሽማግሌ እንዳትልክ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የላክሁት።

ኤፕሪል 11፣ ቅዳሜ። ቀትር።

ነገራቸው። ሰሚራ በሩ ላይ ሆና ሰምታ ደወለችልኝ። እትዬ ዘነበች ሲሰሙ ቁጭ አሉ። ታዲያ ማን ነበር ልክ የሚያደርገው ብለው ጠየቁ፤ ሮማን አላቸው። የማክሰኞውንም አልደበቀም፣ ጥፋቱን ግን በእኔ አላሳበበም። ከዚያ፣ እጅህ መች ታመመ፣ ቢላዋህን ያዝ፣ ማንኪያ ግን እንዳትነካ አሉት። ሁለተኛ ከዋሸኸኝ እኔም የለሁም አሉት።



ኤፕሪል 12፣ ፋሲካ። ጀርመንታውን፣ ወንድሜ ቤት።

ዶሮው ደረሰ። የመጀመሪያው ጉርሻ። ሁሉም ዝም ብሎ ይበላል። እኔ ግን ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ እሱን አሰብኩ። አሁን እህቱ ቤት ተቀምጦ እንደሰው ያላምጣል፣ ምንም የለም። አዘንኩለት። ማዘን ብቻም አይደለም። ይሄ ምን ምን ይላል ቢለኝ እንዴት እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ስፈልግ ምግቡ ቀዘቀዘብኝ። ቅቤውን በምን ልንገረው? ወንድሜ፣ ጎደለው እንዴ አለኝ። አልጎደለውም።

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ። ጠዋት፣ ኪችን፣ ድስቱ ሳይወርድ።

ከደረጃው ቢላዋውን ሰማሁ። ገባሁ። ደህና አደርክ አልኩ፣ ደህና አደርሽ አለ። ሽንኩርት ላይ ነው፣ እኔ ምድጃ ላይ፣ ጠረጴዛው በመካከል።

ዶሮው ሲንተከተክ ማንኪያውን አነሳሁ። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ በራሴ ምላስ። ቀመስኩ። ከንፈሬን እንዳልነክስ ተጠነቀቅኩ፣ ትከሻዬን ባለበት ያዝኩ፣ ፊቴን እንደ ፓስፖርት ፎቶ አደረግኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ጨው ያንሰዋል አለ።

እውነቱን ነው፣ ያንሰዋል።

ጨመርኩ። እንደገና ቀመስኩ። ከዚያ የወንድሜን ስልክ በደረሰኝ ጀርባ ጽፌ ጠረጴዛውን ዞሬ ሰጠሁት። ቅዳሜ፣ ከክላስ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌ ይበቃል አልኩት።