ለእንግዳ ጀርባውን ያልሰጠው መጋዘን

ለውድ ወንድሜ ለወዚር፣ ሪያድ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ አጥንት ድረስ ቢገባም ስንዴው ታጭዶ ገብቷል፤ ነገሬም ስለ እሱ ነው። በስልክ እንዳላወራህ አባባ ይሰሙኛል፤ ስለዚህ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

አምና ነፋሱ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገንጥሎ ግማሹን እህል ዝናብ እንዳበላሸው ታውቃለህ። አባባ አሁን አዲስ ሊያሠሩ ነው። ለመኪና እንዲመች ብለው ሰፊ አፉ፣ በሩ ማለቴ ነው፣ ወደ ጎሮ በኩል፣ ያ ነፋስ ወደሚመጣበት እንዲዞር ወስነዋል። "ምንም አይሆንም፣ በዋተር ተነል እፈትነዋለሁ" ብሎ ያደፋፈራቸው የአጎታችን ልጅ ዘይነዲን ነው። ዋተር ተነል የሚለው እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ የሠራውን፣ ፓምፕ ውሃ የሚገፋበትን ረጅም የመስታወት ቦይ ነው። ትንሽ ቤት ውስጡ ታስቀምጥና ቀለም ትለቅበታለህ፤ ነፋስ በቤቱ ዙሪያ እንዴት እንደሚያልፍ ቀለሙ ያሳይሃል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ባለቤቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዞን እንግዶች ይህንኑ ሊያዩ ወደ ኮሌጁ መጡ፤ አባባም ተጋብዘው ነበር። የፓምፑ ጩኸት እንዳይረብሻቸው ውሃው በሚወጣበት ጫፍ ተቀመጡ። የኛ ሊቅ ታዲያ የመጋዘኗን ሞዴል አፏን ወደ እንግዶቹ አዙሮ አስቀመጣት። ውሃው ጀርባዋን መታ፣ ቀለሙ በጣሪያዋ ላይ እንደ ሐር ክር ተንሸራተተ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። አባባም "ማሻአላህ" አሉ። ጠጋ ብዬ፣ "የአባባ መጋዘን እኮ አፉ ወደ ነፋሱ ነው፤ እስቲ አዙራት" ስለው፣ "አንቺ ደግሞ፣ ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ መሐንዲስ አይተህ ታውቃለህ? ነፋስም ከረባት ያሰረ ሰው ሲያይ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ይመስለዋል።

እንግዶቹ ለጥብስ ሲወጡ አባባን አስቀርቼ ራሴ አዞርኳት። ቀለሙ በአፏ ገባ፣ ከጣሪያው ሥር ተሽከረከረ፣ ከዚያ ውሃው ጣሪያዋን ነቅሎ ይዞት ሄደ። አባባ ምን አሉ መሰለህ? "ልጄ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው፤ ውሃና ነፋስ ይለያያል።" ዘይነዲን ሲያሳያቸው ነፋስ የነበረው፣ እኔ ሳሳያቸው ውሃ ሆነ።

ቋሚው ቅዳሜ ይተከላል። የእኔ ቃል እዚህ ቤት የሚመዝነውን ታውቀዋለህ። ስለዚህ እባክህ ደውልላቸውና "አፉን ወደ አጋርፋ በኩል ያዙሩት፣ ነፋሱን ጀርባው ይቀበለው" በላቸው። የእኔን ስም አታንሳ፤ የራስህ ሐሳብ አስመስለው። ምስጋናውን አንተ ውሰደው፤ እኔ ስንዴው ከተረፈ ይበቃኛል።

ሳቢሪንን ሰላም በልልኝ፤ አብዲን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ዱዓዋ አይለይህም፤ አባባም ስምህን ሳያነሱ አይውሉም። ዘይነዲንም ሰላም ብሎሃል፤ ምክር እስካልሆነ ድረስ ተቀበለው።

እህትህ ዙቤዳ
ሮቤ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.