አያቴን የሴት ሸሚዝ ያለበሰው ፎቶ

ጥቅምት 4

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የፀሐይ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ጋደም አለ። ደንበኛ ስላልነበረ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ለፎቶ ከኋላ የሰቀልኩት ነጭ አንሶላ (የእናቴ ነው፣ እስካሁን ትፈልገዋለች) በር ሲከፈት ይነፋል፣ ሲዘጋ ይሟሽሻል። የሚተነፍስ ይመስላል። ክፍሉ እንቅልፍ ወስዶት እኔ በሕልሙ የመጣሁበት እንግዳ ብሆንስ?

ከዚያ አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ «ፈገግ በይ እንዳትዪኝ። ቀኑን ሙሉ ለተሳፋሪ ስስቅ ነው የምውለው።» አላልኳትም። አገጯን ትንሽ ወደ መስኮቱ መለስኩላትና ማንሳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፣ ራሷ ሳቀች። የቱን መረጠች? የሳቀችበትን። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እያለች።

ከቀድሞ አሠሪዬ ከጋሼ ፎቶ ቤት ከወጣሁ ዛሬ አምስት ወር። ሦስት ዓመት አሠርተውኝ፣ ሙያውን አስተምረውኝ፣ ባነሳሁት ላይ ስሜ ይጻፍ ብል «እዚህ ቤት አንድ ስም ብቻ ነው ያለው» አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ፎቶዎቼ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቀሩ። የእናቴ ቤት የፊት ክፍል ይሻለኛል።

አያቴ እንደ ልማዱ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያማ ዋለ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቶ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው? «ያ ሱሪ ከባለቤቱ ጋር አይነጋገርም» አለኝ፣ አንድ ወጣት ሲያልፍ።

ጥቅምት 6

ሁለት የፓስፖርት ፎቶ፣ አንድ አልቃሻ ሕፃን። ሕፃኑ ድንገት ዝም ብሎ ካሜራው ውስጥ አፈጠጠ... ምን አይቶ ይሆን?

ጥቅምት 9

አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሁለቱን ድርሻ ነው የምታወራው፣ ቤቱን ብቻዋን ትሞላዋለች።

«አባዬ፣ ታዋቂ ሆነሃል!» አለችና ከቦርሳዋ በራሪ ወረቀት መዥረጥ አደረገች። የከተማው አዳራሽ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው። ሽፋኑ ላይ አያቴ።

የእኔ ፎቶ! አምና ጋሼ ቤት ሳለሁ ያነሳሁት። ፊቱ ገደድ ብሎ፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደኛ፣ ጉንጩ ላይ እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ብርሃን... ከሥሩ የጋሼ ስም፣ በትልቁ።

እናቴ «እንዴት ያምራል!» ብላ ጀምራ ፊቴን ስታይ ዋጠችው።

አያቴ ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም።»

«አባዬ ደግሞ! ራስህ ነህ እንጂ።»

«ፊቱ እኔ ነኝ። ሸሚዙን ተመልከቺ! የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ ነው። ይሄ በግራ ነው። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ሸሚዝ አስወልቆ የሴት ሸሚዝ አለበሰኝ!»

አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። ለእኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ፎቶውን ገልብጠውታል፣ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርገው። የጋሼ አመል ነው። «ፊት ወደ ወረቀቱ ውስጥ ነው ማየት ያለበት። ወደ ውጭ ካየ ተመልካቹ አብሮት ይወጣል» ይላሉ። የሰው ግራ ግራው ነው፣ ቀኙም ቀኙ፣ ብዬ ስንቴ ተከራክሬያለሁ። ማን ሰምቶኝ?

አያቴ «የተሰረቅኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተቆጥቷል። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ እላለሁ። ሁለታችንም እራት አልበላንም።

ጥቅምት 10

ሄድኩ። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ሌንስ እየጠረገ ነበር።

«አያቴን ሰረቁኝ» አልኩ። ሰላምታም የለ።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«አልቀመጥም።»

«ካሜራው የማን ነበር?»

«የእርስዎ።»

«መብራቱስ? ቤቱስ? ሙያው እንዲህ ነው። እኔም በልጅነቴ ስንት ዓመት በሰው ስም ሠርቻለሁ። አልሞትኩም።»

«እርስዎ ስላልሞቱ እኔ ልቀበር?»

ሳቀ። «አንቺ እኮ እሳት ነሽ። ተመለሺና ሥሪ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ያን ቀን ነጩን ሰሌዳ የያዘልሽ ማን ነበር?»

እሱ ነበር። ብርሃኑን ወደ አያቴ ጉንጭ የሚመልሰውን ሰሌዳ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይዞልኛል። እንዲያ ያማረው በዚያም ምክንያት ነው። ለዚህ ደብተር ልዋሽ? አልዋሽም። ግን ሰሌዳ መያዝ ሌላ፣ ማየት ሌላ።

«ከፎቶው ሥር ስሜ ይጻፍ። ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው የለም» ብዬ ወጣሁ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር «አሉ» አልለውም። «አለ» ነው የምለው። ፊት ለፊት እርስዎ፣ እዚህ እሱ። ትንሽ ነገር... ግን አንጀቴን አራሰው።

ጥቅምት 12

እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ጀመረች።

«ያስተማረሽን ሰው በአደባባይ ልታዋርጂው ነው?»

«እሱ ነው የጀመረው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል።»

«ዝንቡ ይግባ!»

«እንዲህ ያለ ምላስ ይዘሽ ማን ይችልሻል? ዲግሪሽን ሳጥን ውስጥ ከተሽ ሰው ፊት ላይ ስታፈጪ ትውያለሽ... አንድ የሚያግዝሽ ሰው ነበር፣ እሱንም ተጣላሽ።»

አንሶላውን አውርጄ አጣጥፌ ሰጠኋት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሳ ሰቅላው አገኘሁት።

ጥቅምት 13

ንጋት ላይ ሕልም። ያነሳኋቸው ሁሉ የፊት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሾፌሯ፣ ሕፃኑ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ፎቶውን ሳይወስድ የቀረው አስተማሪ... ማንም አያወራም። ብርሃን እንደ ውኃ እስከ ጉልበታቸው ሞልቷል። «ስማችሁን ንገሩኝ» እላለሁ። አንድ በአንድ ይነግሩኛል፣ እኔ ግን የምጽፍበት እጅ የለኝም። ሳላዝን ነቃሁ። ለምን አላዘንኩም?

ጥቅምት 15

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን። አያቴ ፎቶው ላይ ያለውን ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቆልፎ፣ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ማስረጃ ነኝ» አለ።

አዳራሹ ነጭ፣ ጣሪያው ሩቅ። የሰው ድምፅ እታች ይጮኻል፣ እላይ ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል። ፎቶው ሰው ያክላል። እንዲህ ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ንዴቴ ለአፍታ ጠፋኝ። አያቴ ከራሱ ጋር ተፋጠጠ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በቀኝ የቆለፈ፣ አንዱ በግራ።

አዳራሹን የምታስተዳድረውን ሴትዮ ፈልጌ ነገርኳት። ጠና ያለች፣ እርሳስ ጠጉሯ ውስጥ የሰካች። ጋሼን ጠራችው። ሰው ተሰበሰበ።

«ካሜራውን የተጫነችው እሷ ናት፣ አልክድም» አለ ጋሼ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ያ ነው የሚያናድደው። «ግን በእኔ ቤት፣ በእኔ መሣሪያ፣ እኔ አስተምሬያት።»

አያቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ሰው፣ አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። ጨርቁ የደንበኛ፣ መኪናው የአሠሪዬ። ኮቱ ሲያምር ግን ‹ማን ሰፋልህ?› ነው የሚባለው። ‹የማን መኪና ነው?› ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሰዎች ሳቁ። ጋሼም ፈገግ አለ፣ ሊያመልጥ እንዳሰበ ሰው።

«ደግሞ» አለ አያቴ፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ዓይኑን በምርኩዙ እያሳየ፣ «እዚህ ላይ ማንን ነው የማየው? አንተን እያየሁ ፊቴ እንዲህ ይፈታል?»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋ እርሳሷን ከጠጉሯ አወጣች።

«ሁለታችሁንም ልጻፍ። የአስተማሪና የተማሪ ሥራ ልበል?» አለች።

«እኔ እስማማለሁ» አለ ጋሼ።

እኔስ? ሁሉም እኔን አየ። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር... ስሜ ግድግዳ ላይ ይወጣ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ፣ አነስ ብሎ።

«አልስማማም» አልኩ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይገልበጥና እንደ ነበረው ይሰቀል፣ ሥሩ ላይ እኔ ብቻ።»

«ዋናው ፋይል በእጅሽ አለ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

የለም። እሱ ጋ ነው። እሱ ደግሞ አልሰጥም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና ሠራተኞች ጠራች። ፎቶው ወረደ። ሁለት ሰዎች እንደ ቁምሳጥን ተሸክመውት ሲሄዱ የአያቴ ዓይን ከብብታቸው ሥር እያየኝ ሄደ።

ጋሼ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «አሁን ለማንም አልሆነም» አለኝ። ደስ ብሎት አልነበረም። እንዲያውም ዓይኑ ቀልቷል።

ጥቅምት 16

ምን አተረፍኩ?

ጥቅምት 17

አዳራሹ ደወለ። ሴትዮዋ ናት። «ባዶ ግድግዳ አልወድም። ቦታውን እስከ ነገ ወዲያ አቆይልሻለሁ። ሌላ የአያትሽ ፎቶ ካለሽ አምጪ። ከሌለሽ አንሺው። ካላነሳሽው ደግሞ አትጩኺብኝ።»

ወደድኳት።

ጥቅምት 18

አራት ሰዓት። አያቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። አምና እንደተቀመጠው ላስቀምጠው ብል እምቢ አለ። «አንድ ኮት ሁለቴ አይሰፋም።»

ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል። ግማሽ ፊቱ ጨለማ። ብርሃኑን የሚመልስልኝ ሰው ያስፈልገኛል... ማን? አንገቴን ሳዞር እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው የምይዝልሽ?»

ነጭ ካርቶን ሰጠኋት። «ዝቅ። ወደ ግራ። ትንሽ ከፍ...»

«ክንዴ ዛለ።»

«ገና ነው።»

«የሰው ልጅ እንዲህ ይሠቃያል?» አለች፣ ግን አላወረደችውም።

ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ወጣ። አያቴ የላይኛዋን ቁልፍ ሊቆልፍ ይታገል ነበር። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳዋን ይስታል። ሺህ ሸሚዝ የቆለፈ እጅ... ልርዳው ብዬ ተነሳሁ። «አትንኪኝ!» አለ። ተመልሼ ካሜራው ኋላ ገባሁ። ቀስ... ሳተ። እንደገና... ክፍሉ ሁሉ የዚያችን ቁልፍ መግባት ይጠብቃል፣ አንሶላው ትንፋሹን ይዟል፣ ጎዳናው ርቋል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠፋኝ። ቁልፏ ገባች። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዘመን እንዳሸነፈ ሰው። ያኔ ተጫንኩ።

እንደ አምናው አያምርም። አውቃለሁ። አንድ ትከሻው ከፍ ብሏል፣ ከኋላ የአንሶላው እጥፋት ይታያል። የአምናው ፎቶ ሕልም ነበር። ይሄኛው የነቃ ነው።

ጥቅምት 20

ዛሬ ጠዋት ተሰቀለ። እኔ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ አያቴ። ጋሼ አልመጣም። በሩን ግን አንድ ሁለቴ አየሁ። ለምን እንዳየሁ አልገባኝም።

ሴትዮዋ ፎቶው ፊት ብዙ ቆየች። «ያኛው ያምር ነበር» አለች። «ይሄኛው ግን ያቆማል።»

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «ለመግለጫው። ሙሉ ስም፣ እስከ አያት።»

ጻፍኩላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ታትሞ መጣ። ትንሽ ነጭ ካርድ፣ ሦስት ቃል። የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። ሌላ የማንም የለበትም።

እናቴ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ያልተበላሸውን።

አያቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ፎቶውን ገና አላየውም። ካርዱን ነው የሚያነበው፣ ጣቱን ከሥሩ እያስኬደ፣ እንደሚማር ልጅ። የእኔን አለፈ። መካከለኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የሞተው ልጁ ስም ነው። እዚያው ቆየ... ሰዎች ከኋላችን መጡ፣ አዩን፣ ዞረውን ሄዱ። አልተነሳም። እኔም ተነስ አላልኩትም።

ቀና ሲል ሴትዮዋን ጠራት።

«እመቤቴ፣ ፊደሏ አነሰች።»

«ይተልቅልዎ?»

«ይተልቅ። ከሩቅ ይነበብ።»